የጤና መጠይቅ ከየት ይመጣል? የእናንተ ቃልስ ምን ቦታ አለው?



በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ሁላችሁም ስለምታውቁት ነገር ነው፤ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አስረድቷችሁ አያውቅ ይሆናል። በዕብራይስጥ «ሼኤሎን» ይሉታል፣ በአማርኛ መጠይቅ። ቁፓት ሆሊም ስትሄዱ ነርሷ ኮምፒውተሯን እያየች በየተራ የምትጠይቃችሁ ማለት ነው። «እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብ ትበያለሽ? ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን ደከመህ?» ሆስፒታል ስትተኙ ሌላ መጠይቅ አለ። ሲኡድ፣ ማለትም የቤት ውስጥ እርዳታ፣ ስትጠይቁም ከቢቱዋህ ለኡሚ በኩል የሚመጣው ገምጋሚ የሚሞላው ወረቀት አለው።

ቤት ለቤት ስዞር ብዙዎቻችሁ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ዝም ብለው ይጠይቃሉ፤ እኔም ይመስገን ብዬ እሸኛቸዋለሁ» ትሉኛላችሁ። በእኛ ባህል እውነት ነው፤ እንግዳ በምሬት አይሸኝም፣ ፈጣሪም ሳይመሰገን አይቀርም። ግን ያ ወረቀት ዝም ብሎ ወረቀት አይደለም። ሐኪሙ መድኃኒት ሲያዝ ያየዋል። የሲኡድ ሰዓት ሲወሰን እሱ ይታያል። «ይህ ሰው ደህና ነው» ወይም «ይህ ሰው እርዳታ ይፈልጋል» የሚለው ብዙ ጊዜ ከዚያ ወረቀት ይነሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጥያቄዎቹን ማን እንዳወጣቸው ማወቅ ይጠቅማችኋል። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እዚህ አገር እንደምንቆጥረው ናቸው።)

ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ

ብዙዎቹ የጤና መጠይቆች የተዘጋጁት አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ነው። ጥያቄዎቹን ያወጡት ሐኪሞች መጀመሪያ ያሰቡት የራሳቸውን ሕመምተኞች ነው። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ልብስ ሰፊም የሚሰፋው ፊቱ ለቆመው ሰው ነው። ችግሩ ያንኑ ልብስ ሳይለኩ ለሌላ ሰው ማልበስ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በዓለም ላይ በጣም ከሚታወቁት የጤና መጠይቆች አንዱ 36 ጥያቄዎች አሉት። ሰውዬው ምን ያህል መንቀሳቀስ እንደሚችል ለማወቅ ከሚጠይቃቸው ነገሮች መካከል ጠረጴዛ መግፋትና ጎልፍ መጫወት አሉበት። እስቲ አስቡት፤ ጎንደር ውስጥ በሬ ጠምዶ ሲያርስ ለኖረ አባት፣ እንስራ ተሸክማ ከወንዝ ለወጣች እናት «ጎልፍ መጫወት ይከብድዎታል?» ሲባል ምን ይመልሳሉ? በዚያው መጠይቅ ላይ ስለ ሐዘን የሚጠይቀው ቃል በእንግሊዝኛ ቃል በቃል «ሰማያዊ» ማለት ነው። ለእንግሊዝ ሰው ሰማያዊ መሆን መከፋት ነው። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ቢመለስ ግን ማንም አይገባውም። ይህ መጠይቅ ወደ አማርኛ ተመልሶ ቡታጅራ ገጠር ውስጥ ተሞክሯል፤ የጥናቱ ውጤትም በ2004 ታትሟል። እንዲህ ያለ ሥራ አስፈላጊ የሆነው ለዚህ ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው የምግብ ባለሙያ «በቀን ስንት ቁራጭ ዳቦ ትበላለህ?» ብላ ብትጠይቀው፣ እንጀራ የሚበላ ሰው በሐቀኝነት «ምንም» ሊል ይችላል። አልዋሸም። ወረቀቱ ላይ ግን «ዳቦ አይበላም» ተብሎ ይጻፋል፤ እንጀራው ሳይቆጠር ይቀራል፤ ስኳሩ ለምን እንደወጣም ማንም አያውቅም።

ሌላም አለ። በ1975 አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ እስከ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት የማስታወስ ፈተና አለ። ከ30 ነጥብ ነው። ቀኑን፣ ዓመቱን፣ ወቅቱን ይጠይቃል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ይላል፤ ሥዕል ቅዱ ይላል። በሐምሌ ወር አንዱን ሽማግሌ «አሁን ወቅቱ ምንድነው?» ቢሏቸው «ክረምት» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ እኛ አገር ሐምሌ ዝናቡ የሚወርድበት ክረምት ነው። እዚህ ግን ሐምሌ ፀሐይ የሚያነድበት «ካይትስ» ነው፤ «ሖሬፍ» የሚባለውን ብርዱን ነው አስተርጓሚ «ክረምት» ብሎ የሚተረጉመው። ሽማግሌው አልረሱም፤ ቃሉ ነው ከአገር አገር የተለወጠው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ እናትም ሥዕል መቅዳት ቢያቅታቸው አእምሯቸው ደከመ ማለት አይደለም። ፈተናው ትምህርት ቤት ገብቶ ለወጣ ሰው የተሰፋ ነው።

«ሆድ ባሰኝ» እና «ሆዴን አመመኝ»

ከሁሉ የሚከብደው የልብና የሐሳብ ጉዳይ ነው። እኛ ሐዘንና ጭንቀትን ብዙ ጊዜ በአካላችን እንናገራለን። «ሆድ ባሰኝ» እንላለን። «ልቤ ተሰበረ»፣ «ልቤን ከበደኝ»፣ «ራሴን ያነደኛል»፣ «አንገቴን አነቀኝ» እንላለን። አማርኛ የሚያውቅ ሰው «ሆድ ብሶኛል» ሲባል ወዲያው ይገባዋል፤ አንድ ነገር አሳዝኗቸዋል፣ ሰው አስቀይሟቸዋል፣ ወይም ናፍቆት ይዟቸዋል። ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ ሲገለበጥ ግን «ሆዱ ባሰበት» ይሆናል፤ ሐኪሙም ስለ ጨጓራ ማሰብ ይጀምራል። መድኃኒት ይታዘዛል፣ ምርመራ ይደረጋል፣ ምንም አይገኝም። ሐኪሙ «ምንም የለብህም» ይላል። ሰውዬው ደግሞ «አልገባውም» ብሎ ይመለሳል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ መሃል ላይ ያለው ጥያቄ ነው የተሳሳተው።

ሌላው ገመና መሸፈን ነው። እናንተ እንዲህ አድርጋችሁ ነው ያሳደጋችሁን፤ የቤትን ነገር ለባዕድ አይናገሩም፣ ሆድ ሰፊ ነው፣ ይችላል። መጠይቁ የሚጠብቀው ግን «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ነው። እናንተ በሰምና ወርቅ ትናገራላችሁ፤ መጠይቁ ሰሙን ይጽፋል፣ ወርቁ እናንተው ጋር ይቀራል።

«አዎ»ም ቢሆን አንዳንዴ ያሳስታል። «አልተኙም?» ሲባል በአማርኛ «አዎ» ካልን «አዎ፣ አልተኛሁም» ማለታችን ነው። አስተርጓሚው ካልተጠነቀቀ «አዎ፣ ተኝቷል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አንድ ቃል ናት፤ ግን ወረቀቱን ትገለብጠዋለች።

እንግዲህ ጥሩ መጠይቅ እንዴት ይሠራል?

ዩኒቨርሲቲ ስንማር ሁለት ዓይነት ጥናት እንዳለ ተምረናል። አንዱ ይቆጥራል፤ «ስንት ሰው ታመመ? ከመቶ ስንት?» ይላል። ሁለተኛው ያዳምጣል፤ «ሕመሙን በምን ቃል ትጠራዋለህ? መጀመሪያ ሲይዝህ ምን ተሰማህ? ለማን ነገርክ?» ይላል። ይህንን ሁለተኛውን በአማርኛ ዓይነታዊ ጥናት ይሉታል፣ በዕብራይስጥ «መሕቃር ኤኹታኒ»። ስሙ ከባድ ቢሆንም ነገሩ ቀላል ነው፦ ከመቁጠር በፊት ማዳመጥ። ጥሩ መጠይቅ የሚወለደው ከሁለቱም ነው፤ መጀመሪያ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ መቁጠር። ሥራው እንዲህ ይሄዳል።

በመጀመሪያ ተመራማሪዎቹ ሕመሙን ከሚያውቁት ሰዎች ጋር ይቀመጣሉ፤ ከሕመምተኞች፣ ከአስታማሚዎች፣ ሕዝቡ ከሚያማክራቸው ሽማግሌዎችና ቄሶች፣ ከባህል ሐኪሞችም ጋር። በዚህ ጊዜ ወረቀት ላይ «አዎ» እና «አይ» የለም። «እስቲ ይንገሩኝ» ብቻ ነው። አንዳንዴ አንድ ለአንድ ያወራሉ፣ አንዳንዴ ስድስት ስምንት ሰው ሰብስበው ያወያያሉ። እዚህ ላይ ብልሃት ያስፈልጋል፤ ምራት አማቷ ባሉበት ስለ ጭንቀቷ አትናገርም፣ ወጣት ሽማግሌ ፊት አይቀድምም። ስለዚህ ሴቶችን ለብቻ፣ ወንዶችን ለብቻ፣ ወጣቶችን ለብቻ ማነጋገር የተሻለ ነው።

ሁለተኛ፣ የተባለው ሁሉ በቃል በቃሉ ይጻፋል። «ልቤን ከበደኝ» ያለው ስንት ሰው ነው? ምን ሲደርስበት ነው ያለው? አንድ ዓይነት ነገሮች በአንድ ይሰበሰባሉ። ማድመጡ የሚቆመው ከአዲስ ሰው አዲስ ነገር መስማት ሲቀር ነው። ጤፍ ስትነፉ እብቁ እስኪያልቅ እንደምትነፉት ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ከተሰበሰበው ቃል ጥያቄ ይወጣል። ጥያቄው የሐኪም ቃል ሳይሆን የሰው ቃል እንዲሆን ይሞከራል።

አራተኛ፣ ጥያቄው ራሱ ይፈተናል። አንድ ሰው አስቀምጠው ጥያቄውን ያነቡለትና «ምን ብዬ የጠየቅኩዎት መሰለዎት? በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» ይሉታል። በጣም ጠቃሚው ደረጃ ይህ ነው። ሰውዬው ሌላ ነገር ከተረዳ የሚለወጠው ጥያቄው ነው፤ ሰውዬው አይወቀስም።

አምስተኛ፣ መጠይቁ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ የሚሄድ ከሆነ አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይተረጉመዋል። ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ መልሶ ወደ ዕብራይስጥ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ሁለቱ ካልተገናኙ መሃል ላይ የጠፋ ነገር አለ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ብቻ ነው መቁጠር የሚመጣው። መጠይቁ ለብዙ ሰዎች ይሰጣል፤ የነሱን መልስ ጊዜ ወስዶ ካነጋገራቸው የአእምሮ ሐኪም ፍርድ ጋር ያስተያዩታል። «ከዚህ ነጥብ በላይ ያለው ሰው እርዳታ ይፈልጋል» የሚባለው መለያ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ይህ በእኛው ቋንቋ ተሠርቷል

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ሩቅ አገር ስለተሠራ ነገር አይደለም። በእናንተው ቋንቋ፣ በእናንተው ሰዎች ላይ ተሠርቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት የጭንቀትና የሐዘን ሕመም ለመለየት ያወጣው 20 «አዎ» ወይም «አይ» የሚባሉ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። ራስዎን ያመዎታል? እንቅልፍዎ መጥፎ ነው? ከወትሮው የበለጠ ያለቅሳሉ? የሚሉ ናቸው። በ1990 ፍራንክ ኮርትማን የተባሉ የሆላንድ የአእምሮ ሐኪም ይህ መጠይቅ በኢትዮጵያ ሲሠራበት ጉድለት እንዳለው ጽፈው አሳተሙ። መላሾቹ ጥያቄዎቹን የተረዷቸው ጠያቂዎቹ ባሰቡት መንገድ አልነበረም።

እዚህ እስራኤል ደግሞ በ1999 ሁለት ጥናቶች ወጡ። አንዱ የራፊ ዩንግማንና የባልደረቦቻቸው ነው፤ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የመንፈስ ጭንቀታቸውን እንዴት እንደሚገልጹ ከሕመምተኛውም ከሐኪሙም በኩል አየ። ሌላው ሕመምተኞችንና ሐኪሞቻቸውን ስለ በሽታና ስለ ሕክምና ያነጋገረ ነው። ሁለቱም ያዩት በሕመምተኛውና በሐኪሙ መካከል ያለውን ክፍተት ነው፤ ስለ አንድ ሕመም ሲያወሩ ሁለት የተለያየ ነገር ይረዳሉ።

ከዚያ ትልቁ ሥራ መጣ። ራፊ ዩንግማንና ኔሊ ዚልበር ከእስራኤል፣ ፕሮፌሰር ፍቅሩ ወርቅነህ ከኢትዮጵያ፣ ሮበርት ጊል ከሆላንድ ሆነው ያንን ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ለኢትዮጵያውያን እንዲሆን አስተካከሉት። ሮበርት ጊል ወጣት ሳሉ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩ የአእምሮ ሐኪም ናቸው። እነዚህ ሰዎች ጥያቄዎቹን ተርጉመው ብቻ አላቆሙም፤ ሰው ጭንቀቱን በምን ቃል እንደሚናገር ሰበሰቡ፣ የማይገቡትን አስተካከሉ፣ በሕዝቡ አነጋገር ላይ የተመሠረቱ ጥያቄዎችን ጨመሩ፣ ከዚያም እዚህም ኢትዮጵያም ሞከሩት። ሥራቸው በ2008 ታተመ። በኋላ ይህ መጠይቅ ኢትዮጵያ ውስጥ በሌሎች ጥናቶች አገልግሏል። ቃላችሁ ከዚህ ተነስቶ ወደ አገር ቤት ተመልሶ ሰው ጠቀመ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም ሌላ ትምህርት ሰጥተውናል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ጭንቀትን ለመለየት ስኮትላንድ ውስጥ የወጣ መጠይቅ አለ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «መሳቅና የነገሮችን አስቂኝ ጎን ማየት ችያለሁ» ይላል። በ2008 በታተመ ጥናት ይህ መጠይቅ ቡታጅራ ገጠር ውስጥ ደካማ ሆነ፤ ባለ 20 ጥያቄው ተሻለ። በ2010 በታተመ ሌላ ጥናት ግን ያው የስኮትላንድ መጠይቅ አዲስ አበባ ላይ በደንብ ሠራ። አንድ አገር፣ አንድ ቋንቋ፤ ከተማና ገጠር ግን ለየቅል። እንግዲህ ከገጠር መጥቶ 30 ዓመት ጊቫት ኦልጋ ለኖረ ሰውስ? እሱን ማንም ሌላ ሊመልስ አይችልም፤ እናንተው ናችሁ።

ዛሬ በቁፓት ሆሊም ልታገኙት የምትችሉት አንድ ሌላ መጠይቅ ባለ 9 ጥያቄው የሕመምተኛ ጤና መጠይቅ ነው። ሮበርት ስፒትዘር፣ ጃኔት ዊሊያምስና ከርት ክሮንኬ የተባሉ የአሜሪካ ባለሙያዎች ያወጡት ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ደስታ እንደራቃችሁ፣ እንደከፋችሁ፣ እንቅልፍ እንዳጣችሁ፣ እንደደከማችሁ፣ የምግብ ፍላጎታችሁ እንደተለወጠ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ «ፈጽሞ አልነበረም» 0፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» 3። ሁሉም ሲደመር ከፍተኛው 27 ነው። ብዙ ቦታ 10 ከደረሰ ሐኪሙ ጠለቅ ብሎ ማየት አለበት ይባላል።

ይህ መጠይቅ በአማርኛ አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ከ900 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2013 ውጤቱ ታተመ፤ ሥራውን ሊሠራ እንደሚችል ታየ። በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ጤና ጣቢያ በመጡ ሰዎች ላይ 10 ሳይሆን 5 የተሻለ መለያ እንደሆነ አሳየ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። 7 ነጥብ ያገኘ ሰው በአንዱ መለያ «ምንም የለበትም» ይባላል፤ በሌላው «ቆይ፣ እናነጋግረው» ይባላል። ሰውዬው አንድ ነው፣ ሕመሙም አንድ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ የንግግር መጀመሪያ ነው።

ስለ ዘጠነኛው ጥያቄ

የዚህ መጠይቅ የመጨረሻው ጥያቄ ይከብዳል። ሰው ሞትን ተመኝቶ ወይም ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ ይጠይቃል። ብዙዎቻችሁ «እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቁኛል? ምን አይተውብኝ ነው?» ብላችሁ ልትቆጡ ትችላላችሁ። ምንም አይተውባችሁ አይደለም፤ መጠይቁን የሚሞላ ሰው ሁሉ የሚጠየቀው ነው። መጠየቁም ሐሳቡን ወደ ሰው አእምሮ አያስገባም፤ የያዘውን ሰው ግን ሸክሙን ለማውረድ በር ይከፍትለታል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለመጣበት ሰው ነውር የለም፤ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ለሐኪማችሁ ወይም ለእኛ ንገሩን። በስልክ 1201 የኤራን የመጀመሪያ የመንፈስ እርዳታ መስመር፣ 118 ደግሞ የሪቫሃ ሚኒስቴር መስመር ነው።

ሐዴራ ላይ የተጀመረ ሥራ

ከሕዝቡ ቋንቋና ኑሮ መነሳት ለከተማችን አዲስ አይደለም። በ1998 እዚሁ ሐዴራ በሂሌል ያፌ ሆስፒታል የስኳር ሐኪም የሆኑት ዶክተር አናት ያፌ «ጤነ ብሪኡት» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ስሙ ራሱ የሁለት ቋንቋ ልጅ ነው፤ የእኛን «ጤና» እና የዕብራይስጡን «ብሪኡት» አገናኝቷል። ሥራው የተነሳው የስኳር በሽታ በማኅበረሰባችን በፍጥነት ሲበዛ ነው። የተያዘውም መንገድ ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ፣ በሚያውቀው ምግብ፣ ከራሱ ከማኅበረሰቡ በወጡ ሰዎች ማስተማር ነው። እላይ ያነሳሁት የዳቦና የእንጀራ ነገር የሚፈታው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። በሚቀጥለው ጊዜ መጠይቅ ሲመጣባችሁ እነዚህን አስታውሱ።

1. ካልገባችሁ «አልገባኝም» በሉ። እፍረት የለውም። «ይህንን በሌላ አነጋገር ንገሩኝ» ማለት መብታችሁ ነው። ዝም ብሎ «አዎ» ከማለት ይሻላል።

2. የልጅ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የ12 ዓመት ልጅ የአያቱን ጭንቀት፣ የሽንት ወይም የማኅፀን ነገር እንዴት ይተረጉማል? እናንተም ልጁን ላለማስጨነቅ ትደብቃላችሁ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 አውጥቶ ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው መመሪያ ቁፓት ሆሊሞችና ሆስፒታሎች አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ለሕመምተኛው እንዲያቀርቡ ያዛል። «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ በአካል ባይገኝ በስልክ ይጠይቁላችሁ።

3. «ይመስገን» በሉ፣ ግን እዚያ አትቁሙ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ነገር ግን ሌሊት አልተኛም» ማለት ይቻላል። ምስጋናውም ይቀራል፣ እውነቱም ይጻፋል።

4. በራሳችሁ አነጋገር ተናገሩ፣ ቀጥሎም አስረዱ። «ሆድ ብሶኛል» ካላችሁ «ሆዴን አሞኝ ሳይሆን ከፍቶኝ ነው» ብላችሁ ጨምሩ።

5. ለሲኡድ ገምጋሚ ሲመጣ ኩራትን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት። ገምጋሚው የሚያየው መልበስ፣ መታጠብ፣ መብላት፣ ቤት ውስጥ መንቀሳቀስና መጸዳዳት ነው። ብዙ አባቶች እንግዳ ፊት መድከም ስለማይወዱ «ሁሉንም እችላለሁ» ይላሉ፤ እናቶችም ቤቱን አጽድተው፣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ቡና አፍልተው ይጠብቃሉ። ገምጋሚው ያየውን ይጽፋል። ቡናው ይፍላ፤ ግን «ይህንን ያፈላችው ልጄ ናት፣ እኔ ማንሳት አልችልም» ብላችሁ እውነቱን ተናገሩ። መጥፎውን ቀን ንገሩት፣ ደህናውን ቀን ብቻ አይደለም። ዘመድ አጠገባችሁ ቢኖር ጥሩ ነው።

6. የማስታወስ ፈተና ከሆነ ትምህርት ቤት እንዳልገባችሁ፣ ቀን የምትቆጥሩት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሐኪሙ ይህንን ሳያውቅ ነጥቡን በትክክል ሊያነበው አይችልም።

7. ለጥናት ብትጠሩ፣ ማለትም አንድ ተመራማሪ «ስለ ሕመማችሁ አጫውቱኝ» ቢል፣ መጀመሪያ ጠይቁት፦ ከየት ነው የመጣኸው? ስሜን ትጽፋለህ? የነገርኩህን ማን ያየዋል? በሕክምና ጥናት ላይ ሰው የሚገባው ከተገለጸለት በኋላ፣ በራሱ ፈቃድ ነው። እምቢ ማለት ትችላላችሁ፤ ጀምራችሁም ማቆም ትችላላችሁ፤ እምቢ ስላላችሁ ሕክምናችሁ አይቀነስም። ግን ሰውየው ደህና ከሆነ፣ እባካችሁ አጫውቱት። የእናንተን ትውልድ አነጋገር የሚያውቅ ሰው በየዓመቱ ይቀንሳል። እኔ እዚህ የተወለድኩት አማርኛዬ ከቤት የተማርኩት ነው፤ «ልቤን ከበደኝ» እና «ልቤ ፈራ» መካከል ያለውን ልዩነት እንደናንተ አላውቀውም። እናንተ ካልነገራችሁ፣ ነገ መጠይቁን የሚያዘጋጁት ሰዎች ገምተው ነው የሚጽፉት።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለኝ። መጠይቅ ሞልታችሁ ከሆነና ያልገባችሁ፣ ያስቀየማችሁ ወይም «ይህንን ለምን አልጠየቁኝም?» ያሰኛችሁ ጥያቄ ካለ፣ ወደ ሪቫሃ ቢሮ ስትመጡ ወይም እኛ ቤታችሁ ስንመጣ ንገሩን። ወረቀቱን ካስቀራችሁ ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እናነበዋለን፣ ሊታረም የሚገባውንም ለሚመለከተው ክፍል እንጽፋለን። ጥያቄው ጎዶሎ መሆኑን ከጠያቂው በፊት የሚያውቀው ተጠያቂው ነው።

ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ። በሚቀጥለው እትም እንገናኝ።